ወለምታ ሲያጋጥም፣ ከኦፕራሲዮን ስትወጡ፦ ቤት ውስጥ በረዶ እንዴት ይያዛል?

ኮብልስቶን ላይ እግር ወለም ሲል ሰፈር ውስጥ የሚሆነው የታወቀ ነው። አንዱ ሙቅ ውሃና ጨው ያዘጋጃል። ሌላው ቅባት ይዞ ይመጣል። ሌላው ደግሞ "ተዉት ለኔ፣ አንዴ ጎተት ሳደርገው ይመለሳል" ይላል። ሁሉም በቅንነት ነው የሚያደርጉት። ግን አዲስ ጉዳት ላይ ሙቀትም፣ እሽታም፣ ጉተታም ውስጥ ያለውን መድማትና እብጠት ያባብሳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት የሚያስፈልገው ቀዝቃዛ ነገር፣ እግርን ከፍ ማድረግ፣ መጠነኛ ፋሻ እና ትዕግስት ነው።

በረዶ መያዝ ሲባል ግን ከፍሪዘር አውጥቶ ቆዳ ላይ ለጥፎ መተኛት ማለት አይደለም። እንደዚያ ተደርጎ ቆዳው የተቃጠለ፣ ነርቩ የተጎዳ ሰው አለ። ቀላል ነገር ስለሆነ ማንም በዝርዝር አያስተምረውም፣ ሆስፒታል ስትወጡም "በረዶ ያዙበት" ተብሎ ብቻ ይታለፋል። ስለዚህ እስቲ ከመጀመሪያው እንሂድ።

ቅዝቃዜ ምን ያደርጋል?

ዋናው ሥራው ሕመም ማስታገስ ነው። ቦታው ሲቀዘቅዝ የደም ስሮች ይጠባሉ፣ ነርቮችም የሕመም መልእክት የሚያስተላልፉበት ፍጥነት ይቀንሳል። የቆዳው ሙቀት ወደ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲወርድ ቦታው ይደነዝዛል። እብጠትንም በመጠኑ ይገታል፣ በተለይ ከፋሻና ከፍ ከማድረግ ጋር አብሮ ሲሆን።

ጅማቱን ግን አያድነውም። የሚያድነው ሰውነታችሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ጌብ ሚርኪን የተባለ አሜሪካዊ የስፖርት ሐኪም ዕረፍት፣ በረዶ፣ ማሰር እና ከፍ ማድረግ የሚሉትን አራት ነገሮች አንድ ላይ አድርጎ አስተዋወቀ፣ ዓለም ሁሉ ተቀበለው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሱ ሚርኪን ሐሳቡን አሻሻለ። መቆጣቱና ማበጡ የመዳኑ አንድ አካል ስለሆነ በረዶን ማብዛት መዳንን ሊያዘገይ ይችላል አለ። እኔም የምከራከረው ለዚህ ነው፦ በረዶን ሕመም ሲጠና፣ በአጭር በአጭሩ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ ተጠቀሙበት። "ብዙ ባደረግሁ ቁጥር ቶሎ እድናለሁ" የሚለው አይሠራም።

"ብርድ ይገባብሃል" ለሚሉ ወላጆች

ይሄ ስጋት እውነተኛ ነው፣ ቤት ውስጥ ክርክር ያስነሳል። እናት "ቀዝቃዛ አጥንት ውስጥ ይገባል፣ ሲያረጅ ያንገበግበዋል" ብላ በረዶውን ልትጥልባችሁ ትችላለች። ከእሷ ጋር አትጣሉ። የሚቀዘቅዘው የተጎዳው ቦታ ብቻ መሆኑን፣ እሱም ለ10 እና 15 ደቂቃ ብቻ መሆኑን አስረዷት። ሌላው ሰውነት መሞቅ አለበት፣ እዚህ ላይ እሷ ትክክል ናት። ጋቢ ልበሱ፣ በሌላኛው እግር ካልሲ አድርጉ፣ ትኩስ ነገር ጠጡ። ሰውነት ከተንቀጠቀጠ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ሕመሙም ይብሳል።

በረዶ ከመያዛችሁ በፊት፦ ነገሩ የቤት ነው ወይስ የሐኪም?

አጥንት የተሰበረ ሰው ሦስት ቀን በረዶ ሲይዝ ቢቆይ ጊዜውን ነው የሚያባክነው። ለቁርጭምጭሚት ካናዳ፣ ኦታዋ ውስጥ የተዘጋጀ፣ ሐኪሞች በብዙ አገር የሚጠቀሙበት መመዘኛ አለ። ቀለል አድርጌ ልንገራችሁ። ከጉዳቱ በኋላ እያነከሳችሁም ቢሆን አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ ራጅ ያስፈልጋል። ግራና ቀኝ ወጣ ያሉትን ሁለቱን የቁርጭምጭሚት አጥንቶች ከኋላ ጠርዛቸውና ከጫፋቸው በጣት ስትጫኑ አጥንቱ ራሱ ካመማችሁም እንደዚያው። በእግራችሁ ውጪኛ ጠርዝ መሃል አካባቢ ያለችው የአጥንት ጉብታ እና በውስጥ በኩል ከቅስቱ ከፍ ብሎ ያለው አጥንትም እንዲሁ ይፈተሻሉ።

ቅርጹ የተጣመመ፣ አጥንት የወጣበት፣ ጣቶቹ የገረጡ ወይም የደነዘዙ ከሆነ ምንም ሳትሞክሩ ሂዱ። ልጆችና አረጋውያን ላይ ደግሞ ቶሎ ተጠራጠሩ።

እዚህ ላይ ስለ ወጌሻ ሳልናገር አላልፍም። ሰው ወጌሻ ጋ የሚሄደው ቅርብ ስለሆነ፣ ዋጋው ስለማይከብድ፣ ቤተሰብም ስለሚያምነው ነው፣ ይገባኛል። ግን የተሰበረ እጅ ወይም እግር ላይ ቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ ማሰር የደም ዝውውር ይቆርጣል። በዚህ ምክንያት ሥጋው ሞቶ እጅ ወይም እግር የተቆረጠባቸው ሰዎች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ በአገራችን ሆስፒታሎች ተደጋግመው ታይተዋል። መጀመሪያ ራጅ ተነሡ። ስብራት ካለ በሐኪም ይታሰር።

ማን ነው በረዶ መያዝ የሌለበት?

ብርድ ሲነካቸው ጣቶቻቸው ነጭ ከዚያ ሰማያዊ የሚሆኑ ሰዎች፣ በብርድ ሰውነታቸው ሽፍ የሚል፣ የእግራቸው ደም ስር የጠበበ፣ ሲክል ሴል (የቀይ ደም ሴሎችን ቅርጽ የሚያበላሽ በዘር የሚተላለፍ ሕመም) ያለባቸው አይያዙ። ስኳር ሕመም ኖሮባቸው እግራቸው የደነዘዘ ሰዎች ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጠንቀቁ፣ ምክንያቱም በረዶው ሲያቃጥላቸው አይሰማቸውም። ስኳር ካለባችሁ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ እግራችሁ ላይ በረዶ አታድርጉ። ክፍት ቁስል ላይም በቀጥታ አይደረግም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ እሳት ወይም ሙቅ ውሃ ያቃጠለው ቦታ ላይ በረዶ አይደረግም። የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይፈስበታል፣ በቃ። የጥርስ ሳሙናም፣ እንቁላልም፣ ቅቤም አትቀቡት።

ቀዝቃዛውን ማዘጋጀት

ከሁሉም የምመርጠው በጣም ተራውን ነው፣ ፌስታል ውስጥ ያለ በረዶና ውሃ። በረዶውን በፎጣ ጠቅልላችሁ በሙቀጫ ዘነዘና ወይም በዱላ ሰባብሩት። ሁለት ጭብጥ ያህል ቀዳዳ የሌለው ፌስታል ውስጥ ጨምሩ፣ አንድ ስኒ ውሃ ጨምሩበት፣ አየሩን ጨምቃችሁ አስወጡ፣ ቋጥሩት፣ ሌላ ፌስታል ደርቡበት። ውሃው ለምን ይጠቅማል? በረዶ እየቀለጠ ባለበት ጊዜ ሁሉ ሙቀቱ 0 ዲግሪ ላይ ይቆያል፣ ከዚያ አይወርድም። በዚያ ላይ ቦታው ላይ ተጣጥፎ ይቀመጣል። ከፍሪዘር በቀጥታ የወጣ፣ በላስቲክ የታሸገ የማቀዝቀዣ ጄል ግን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፣ ቆዳ የሚያቃጥለውም እሱ ነው። ጄል ካላችሁ ፍሪጁ ታችኛው ክፍል አስቀምጡት፣ ወይም ከፍሪዘር ካወጣችሁት በኋላ ትንሽ ጠብቁና ወፍራም ፎጣ አድርጉበት።

በረዶው ላይ ጨው አትጨምሩ። ጨው የሙቅ ውሃው ልማድ ስለሆነ እጅ ወደዚያ ይሄዳል። ጨው የነካው በረዶ ግን ሙቀቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ድረስ ሊወርድ ይችላል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ ያበላሻል።

ደጋግማችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከጉልበት ኦፕራሲዮን በኋላ፣ የማይደርቅ ማቀዝቀዣ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። አንድ ብርጭቆ 70 በመቶ አልኮል ከሁለት ብርጭቆ ውሃ ጋር ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ጨምራችሁ፣ ሌላ ላስቲክ ደርባችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። ድንጋይ አይሆንም፣ ልስልስ ያለ በረዶ ይሆናል። ይሄም ከዜሮ በታች ስለሚቀዘቅዝ ጨርቁን ወፈር አድርጉ። "አይጠጣም" ብላችሁ ጻፉበት፣ ከልጆችና ከእሳት አርቁት።

ሃይላንድ ውስጥ ውሃ ሦስት አራተኛ ሞልቶ ማቀዝቀዝም ጥሩ ነው፣ በተለይ ጠዋት ስትነሱ ተረከዛችሁን ለሚያማችሁ። ካልሲ አድርጋችሁ ወለል ላይ በእግራችሁ ሥር ወዲያ ወዲህ አንከባልሉት። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ከሱፐርማርኬት የቀዘቀዘ አተር ግዙ፣ ጉልበትና ትከሻ ላይ ደህና አድርጎ ይገጥማል። ምግብነቱን ግን እርሱት፣ ቀልጦ ደግሞ የቀዘቀዘ አተር አይበላም።

መብራት ከጠፋስ? ፎጣ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራችሁ ጨምቃችሁ አድርጉበት፣ ሲሞቅ ቀይሩት። ቁስል ከሌለ እግሩን ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ መንከር ይቻላል። የደጋ የቧንቧ ውሃ ጠዋት ጠዋት በቂ ቅዝቃዜ አለው፣ ቆላ ከሆናችሁ የእንስራ ውሃ ይሻላል። እንደ በረዶ ባይሆንም ሕመሙን ያለዝበዋል።

አያያዙ፣ ደረጃ በደረጃ

ቁርጭምጭሚትን እንውሰድ፣ ሌላውም ከዚህ ብዙ አይለይም።

መጀመሪያ ጫማና ካልሲ አውልቁ። እጅ ከሆነ ቀለበቱን፣ ሰዓቱን፣ አምባሩን ወዲያው አውልቁ፣ ካበጠ በኋላ አይወጣም። ቅባት ወይም የሚያቃጥል ክሬም ተቀብታችሁ ከሆነ በደንብ አጥቡት፣ ከበረዶ ጋር አይሄድም።

ከዚያ ተጋደሙ። እግሩን ትራስ ደራርባችሁ ከልባችሁ ከፍታ በላይ አድርጉት። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን በርጩማ ላይ መዘርጋት ከምንም ይሻላል እንጂ በቂ አይደለም።

ቆዳው ላይ ስስ ጨርቅ አድርጉ። የነጠላ ቁራጭ ወይም ስስ ፎጣ ይሆናል። በረዶና ውሃ ከሆነ ጨርቁን እርጥብ ብታደርጉት ቅዝቃዜው ቶሎ ይደርሳል። ጄል ወይም የአልኮሉ ከሆነ ግን ጨርቁ ደረቅና ወፍራም ይሁን። ፌስታሉን ከላይ አስቀምጡና በነጠላ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። አትተኙበት፣ በሰውነት ክብደት አትጫኑት።

የስልካችሁን ሰዓት ሙሉ። ሥጋ ያለበት ቦታ፣ ማለትም ጭንና ባት፣ 15 ደቂቃ፣ ቢበዛ 20። አጥንት የሚበዛበት፣ ማለትም ቁርጭምጭሚት፣ ጣት፣ ክርን፣ 10 ደቂቃ። ቀጭን ሰው ላይ ቅዝቃዜው ቶሎ ስለሚገባ ጊዜው ይጠር። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የብሪታኒያ ጥናት በ89 ሰዎች ቁርጭምጭሚት ላይ ሁለት አያያዝ አወዳድሮ ነበር። 10 ደቂቃ ይዞ፣ 10 ደቂቃ አሳርፎ፣ እንደገና 10 ደቂቃ የያዙት በመጀመሪያው ሳምንት ሲንቀሳቀሱ ሕመማቸው ቀለል ብሎ ተገኝቷል፣ በተከታታይ 20 ደቂቃ ከያዙት ጋር ሲነጻጸር። እኔ ለቁርጭምጭሚት የምመክረው ይሄንኑ ነው፣ ቆዳው መሃል ላይ ስለሚያርፍ ደኅንነቱም ይሻላል።

የሚሰማችሁ ነገር ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ያቃጥላል። ከዚያ ጥዝጥዝ ያደርጋል። ከዚያ ይደነዝዛል። ሲደነዝዝ ሰዓቱ ባይደርስም አንሡት፣ ከዚህ በኋላ ያለው ጉዳት እንጂ ጥቅም አይደለም።

በአምስተኛው ደቂቃ ጨርቁን ገለጥ አድርጋችሁ ቆዳውን እዩ። ጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ጎልቶ ላይታይ ስለሚችል በእጃችሁም ዳስሱት። ቀላ ወይም ጠቆር ማለቱ ችግር የለውም። ነጣ ወይም አመድማ ካለ፣ ሲነካ እንደ ሰም ጠጠር ካለ፣ ውሃ ከቋጠረ ወዲያው አንሡት፣ ለብ ባለ ውሃ አሙቁት፣ አትሹት። ስሜቱና ቀለሙ ካልተመለሰ ሐኪም ይየው።

ዙሩን ጨርሳችሁ ካነሣችሁ በኋላ (የቁርጭምጭሚቱ 10-10-10 እንደ አንድ ዙር ይቆጠራል) ቢያንስ ሁለት ሰዓት ጠብቁ። ቆዳው ሙሉ በሙሉ ሳይሞቅ አትድገሙ። ማታ ስትተኙ ደግሞ አንሡት። በረዶ ይዞ እንቅልፍ ከወሰደው ሰው የባሰ ራሱን የሚጎዳ የለም።

ሁለት ቦታ ላይ ልዩ ጥንቃቄ አድርጉ። አንዱ ከጉልበት ውጪኛ ጎን ዝቅ ብሎ ያለችው የአጥንት ጉብታ ናት። እሷ ሥር እግርን ወደ ላይ የሚያነሣ ነርቭ ከቆዳው በታች ያልፋል፣ በረዶ ሲበዛበት እግር መጎተት ሊመጣ ይችላል። ሌላው ክርን ላይ በውስጥ በኩል ነው፣ ሲመታ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረው ቦታ።

በረዶ በማትይዙበት ሰዓት የሚለጠጥ ፋሻ እሰሩ። ከጣቶቹ ሥር ጀምራችሁ ወደ ላይ፣ ታች ጠበቅ ላይ ላላ እያለ ይሂድ። ጥፍሩን ተጫኑና ልቀቁት፣ ቀለሙ በሁለት ሰከንድ ገደማ ካልተመለሰ፣ ወይም ጣቱ ከደነዘዘና ከጠቆረ ፋሻው ጠብቋል፣ ፍቱት።

ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚለየው

እዚህ ላይ የሐኪማችሁ ቃል ከኔ ቃል ይበልጣል። ከሆስፒታል ሳትወጡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በረዶ ልያዝ ወይ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ፋሻው መቼ ይነሣል። ዓይን፣ የደም ስር ወይም የቆዳ ንቅለ ተከላ የተሠራላችሁ ሳይፈቀድላችሁ ፈጽሞ አትያዙ።

ትልቁ አደጋ የማደንዘዣው ጊዜ ነው። ጉልበትና ትከሻ ሲሠራ ብዙ ጊዜ ነርቩ ላይ መርፌ ይሰጣል፣ እግሩ ወይም እጁ ከ12 እስከ 24 ሰዓት፣ አንዳንዴም በላይ ይደነዝዛል። በዚያ ሰዓት በረዶው ቢያቃጥላችሁም አታውቁም። ስሜቱ እስኪመለስ ብትጠብቁ ይሻላል። ሐኪሙ ያዙ ካለ ደግሞ ቆዳውን በየአምስት ደቂቃው የሚያይ ሰው አጠገባችሁ ይሁን። የማስታገሻ ክኒኑንም ማደንዘዣው ሳይለቅ መጀመር እንዳለባችሁ ጠይቁ። ሕመሙ ሌሊት ላይ በአንዴ ሲመጣ በረዶ ብቻውን አይችለውም።

ፋሻውን ለበረዶ ብላችሁ አትፍቱ። ከላዩ አድርጉት። ወፍራም ፋሻ ስለሆነ ለመቀዝቀዝ ይዘገያል፣ ትንሽ ታገሡ እንጂ አትጫኑት። ዋናው ስፌቱ እንዳይርስ ነው፣ ስለዚህ ፌስታሉ እጥፍ ይሁን፣ መሃሉ ደረቅ ፎጣ ይግባ። ጀሶ ከሆነም እንዲሁ፣ የረጠበ ጀሶ ይበላሻል።

የጉልበት ኦፕራሲዮን ያደረጋችሁ ትራሱን ጉልበት ሥር አታድርጉ። ይመቻል፣ አውቃለሁ። ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ ይቀርና ቀጥ ማድረግ ያስቸግራል። ትራሱን ከባትና ከተረከዝ በታች አድርጉት። በረዶውን ደግሞ ከፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴው በኋላ ያዙት፣ በጣም የሚጠቅመው ያኔ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ የበረዶ ውሃ የሚያዘዋውር ማሽን ሊሰጣችሁ ይችላል። ምቹ ነው፣ ግን ምቾቱ ሌሊቱን ሙሉ እንዲበራ ያደርጋል፣ ብዙ ሰው የተቃጠለው በዚህ ነው። በእሱም ሰዓት ቁጠሩ፣ ከሥሩ ጨርቅ አድርጉ።

የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ከተነቀለላችሁ በመጀመሪያው ቀን ጉንጭ ላይ 15 ደቂቃ እየያዙ 15 ደቂቃ ማሳረፍ ነው። ያን ቀን ትኩስ ቡናና ትኩስ ሾርባ ይቅር፣ በስትሮም አትጠጡ፣ የረጋው ደም ይነሣና ይደማል።

በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ሐኪሟ ከፈቀደ ከፋሻው በላይ 10 ደቂቃ መያዝ ትችላለች። በምጥ ወልዳ የተሰፋችም በመጀመሪያዎቹ ቀናት በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ለ10 ደቂቃ ብታደርግ ያሳርፋታል። አራስ ቤት ይሄን ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ገንፎዋን ትብላ፣ አጥሚቷን ትጠጣ፣ ጀርባዋ ይሙቅ። ስፌቱ ያለበት ቦታ ብቻ ለጥቂት ደቂቃ መቀዝቀዙ አራሷን ብርድ አያስመታትም።

ከሦስት ቀን በኋላ

ወለምታ ከሆነ ከሁለተኛው ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ቀስ እያላችሁ አንቀሳቅሱት። ተጋድማችሁ በአውራ ጣታችሁ አየር ላይ ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያላችሁ ፊደል ጻፉ። ሕመሙ እየፈቀደላችሁ እርገጡበት። ለሳምንታት አልጋ ላይ ማሳረፍ መገጣጠሚያውን ያደርቀዋል። በረዶው የሚቀረው ከእንቅስቃሴ በኋላ ሲያብጥ ብቻ ነው። እብጠቱ ወርዶ ግትርትር ማለት ብቻ ሲቀር ያኔ ሙቀት ይጠቅማል፣ የእናታችሁ ሙቅ ፎጣም ተራው ይደርሳል።

ኳስ ወይም ሩጫ ከመግባታችሁ በፊት ግን በረዶ አትያዙ። ጡንቻው ይዘገያል፣ ሕመሙም ስለሚደበቅ ጉዳቱ ላይ ጉዳት ትጨምራላችሁ። ቴሌቪዥን ላይ ስታዩ ተጫዋቾች ላይ የሚረጨው ቀዝቃዛ ስፕሬይም ቆዳን ለአፍታ ከማደንዘዝ ያለፈ ሥራ የለውም።

በረዶውን ጥላችሁ የምትሄዱበት ጊዜ

ባታችሁ አንዱ ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ሲነካ ካመመ፣ በተለይ ከኦፕራሲዮን በኋላ ወይም ጀሶ ካላችሁ፣ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያኑ ቀን ታዩ። ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ ደም ካስሳለ ደግሞ አንድ ደቂቃም አትጠብቁ። ጡንቻው ተወጥሮ ድንጋይ ከሆነ፣ ጣት ሲታጠፍና ሲዘረጋ የማይቻል ሕመም ካለ፣ ክኒንም በረዶም ካላስታገሠው፣ ጡንቻው ደም ሳይደርሰው እየቀረ ሊሆን ይችላልና ፋሻውን ላላ አድርጋችሁ ሩጡ። ስፌቱ ዙሪያው ከቀላና ከሞቀ፣ መግል ካወጣ፣ ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ካለፈ ኢንፌክሽን ነው ብላችሁ ሂዱ። የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ሰዎች እብጠቱ በፍጥነት ከጨመረ ማደር የለባችሁም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ 997፣ ኤሚሬትስ 998። ስትደርሱ ኦፕራሲዮኑ መቼ እንደተሠራ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ እና በረዶውን ለመጨረሻ ጊዜ የያዛችሁበትን ሰዓት ንገሯቸው።